ስድስት ፔኒና አራት ሰዓት፤ የሎንዶን ወደብ የቀን ሠራተኞች ታሪክ ከ1889 እስከ 1989

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣን አንድ ትንሽ ጥያቄ ነው። በ1889 በኦገስትና በሴፕቴምበር ወራት የሎንዶን ወደብ ጫኝና አውራጆች ሥራ አቁመው አምስት ሳምንት ያህል ከቆዩ በኋላ የጠየቁት ነገር በብዛት ተፈጸመላቸው። (ዓመታቱና ወሮቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።) ይህ አድማ በእንግሊዞች ዘንድ የሚታወሰው ሠራተኞቹ ለአንድ ሰዓት ሥራ ስድስት ፔኒ ይከፈለን በማለታቸው ነው። ቀድሞ የሚያገኙት አምስት ፔኒ ስለ ነበረ፥ ጠቡ ሁሉ ስለ አንድ ፔኒ ነበረ ማለት ነው። በዚያ ዘመን አሥራ ሁለት ፔኒ አንድ ሺሊንግ፥ ሃያ ሺሊንግ ደግሞ አንድ ፓውንድ ነበረ። ታዲያ ያን የሚያህል ሕዝብ በአንድ ፔኒ ምክንያት ልጆቹን ይዞ ለምን በረኀብ ተቀጣ?

የጥያቄዎቹን ዝርዝር ስንመለከት ከስድስቱ ፔኒ አጠገብ ብዙ ያልተወራለት ሌላ ጥያቄ እናገኛለን። ይኸውም ማንም ሰው ከአራት ሰዓት ላነሰ ጊዜ አይቀጠር የሚል ነው። የአድማው ልብ ያለው እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። የሚቀጥለውም መቶ ዓመት ታሪክ ያለዚህ ጥያቄ በደንብ የሚገባ አይመስለንም።

በመጀመሪያ ስለ ቦታው ጥቂት እንናገር። የቴምዝ ወንዝ በባሕር ሙላትና ጉድለት ምክንያት በየቀኑ ከፍ ዝቅ ስለሚል፥ መርከብ በወንዙ ዳር ቆሞ ዕቃ ለማራገፍ አይመቸውም ነበር። ስለዚህ ነጋዴዎች ከወንዙ ዳር ሰፋፊ ገንዳዎች አስቆፍረው፥ ውሃው ሁልጊዜ እኩል ሆኖ እንዲቆይ መዝጊያ አበጁላቸው። «ዶክ» የሚባለው ይህ ነው። የምዕራብ ሕንድ ዶክ በ1802፥ የምሥራቅ ሕንድ ዶክ በ1806፥ ቅድስት ካትሪን የሚባለው በ1828 ተከፈቱ፤ ከዚያም ወንዙን ተከትለው ወደ ባሕሩ እየወረዱ በ1886 ቲልበሪ ደረሱ። ስኳር፥ ሻይ፥ ሱፍ፥ እንጨትና እህል የሚገባው በእነዚህ በሮች ነበር። በዓለም ላይ ከሁሉ የሚበልጠው የንግድ ወደብ የእንግሊዞች ኩራት ነበረ፤ ዕቃውን በጀርባው የሚያወርደው ሰው ግን ነገ ሥራ ይኑረው አይኑረው አያውቅም ነበር።

አቀጣጠሩ እንደሚከተለው ነበር። ጠዋት በየዶኩ በር ላይ ሰው ይሰበሰባል። በእኛ አገር የሥራ ቦታ ቋንቋ ካቦ የምንለው ዓይነት አለቃ ወጥቶ ከሰንሰለት ወይም ከብረት አጥር ወዲያ ይቆማል። ሃያ ሰው ሲፈልግ ሁለት መቶ ሰው ይጮኽበታል፤ የኋለኛው በፊተኛው ትከሻ ላይ ይወጣል፤ ልብስ ይቀደዳል፤ ደካማው ይረገጣል። ካቦው የወደደውን በጣቱ ይጠቁማል። የተመረጠው አንድ ሰዓት ወይም ሁለት ሰዓት ሠርቶ ሊሰናበት ይችላል፤ ያልተመረጠው ደግሞ ከሰዓታት በኋላ ሌላ ጥሪ ይኖር እንደ ሆነ እያለ በብርድ ይቆማል። ካቦውን በመጠጥ ቤት ሲጋብዝ ያመሸ ሰው ጠዋት በቶሎ ይታያል፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል፤ ነገር ግን ማንም የሚከሰው የለም። በአዲስ አበባም ጎሕ ሲቀድ በየመንገዱ ዳር አካፋና ዶማውን ይዞ ቀጣሪ የሚጠብቀውን የቀን ሠራተኛ ላየ ሰው ይህ ሥዕል እንግዳ አይሆንበትም።

በ1888 የእንግሊዝ የመማክርት ምክር ቤት ስለ ድኻ ሠራተኞች ኑሮ አጣሪ ጉባኤ አቁሞ ነበርና፥ ከምስክሮቹ አንዱ የሚልዎል ዶክ ዋና ሥራ አስኪያጅ ኮሎኔል በርት ነበሩ። ሰውዬው ቀጣሪ እንጂ የሠራተኛ ጠበቃ አይደሉም። ስለዚህ ቃላቸው ይበልጥ ይከብዳል። በምስክርነታቸው እንዳስረዱት፥ ከሠራተኞቹ ብዙዎቹ ወደ ሥራ የሚመጡት እህል ሳይቀምሱ ነው፤ አንዱ ለአንድ ሰዓት ሠርቶ አምስት ፔኒውን እንዳገኘ ሄዶ ይበላበታል፤ ከቀትር በኋላ ወደ ዐሥር ሰዓት ገደማ ደግሞ ጉልበታቸው ስለሚያልቅ ሥራውን ትተው ይሄዳሉ። ይህ ከስንፍና የመጣ አይደለም። ሰውዬው ለመሥራት መብላት አለበት፤ ለመብላትም አስቀድሞ መሥራት አለበት። ትናንት ካልተመረጠ ዛሬ ቢመረጥም አቅም የለውም።

ይህ ሥርዓት ከቀጣሪዎች ክፋት ብቻ የመጣ ነው ብንል ታሪኩን እናሳንሰዋለን። በመርከብ ሥራ አንዱ ቀን እንደ ሌላው አይሆንም፤ ነፋስ፥ ጭጋግና የመከር ጊዜ ያዛባዋል። ደግሞም እንፋሎት መርከብ ከመጣ ወዲህ ባለመርከቦቹ በቶሎ አራግፈው መሄድ ስለሚሹ፥ ሥራው ዛሬ ይጎርፋል፤ ነገ ይደርቃል። ዊልያም ቤቨሪጅ የተባለው ሊቅ በ1909 ስለ ሥራ ማጣት ባወጣው መጽሐፍ የነገሩን ሥር ግልጽ አድርጎ አሳይቷል። የእርሱን ሐሳብ እኛ በራሳችን ምሳሌ ብናስረዳ ይሻላል። ሦስት ዶኮች አሉ እንበል፤ እያንዳንዳቸው ሥራ በበዛበት ቀን መቶ ሰው ይሻሉ። ሦስቱም በአንድ ቀን ሥራ ስለማይበዛባቸው፥ በድምሩ እጅግ በበዛ ቀን የሚፈለገው ሁለት መቶ ሃያ ሰው ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ዶክ ለራሱ መቶ ሰው በበሩ ላይ ማየት ስለሚፈልግ ሦስት መቶ ሰው ይሰበሰባል። እንግዲህ ሰማንያው ሰው በዓመቱ ውስጥ ከሁሉ በተሻለው ቀን እንኳ ትርፍ ነው። እነዚህን ሰማንያዎች በዚያ የሚያቆያቸው ግን ረኀብ ብቻ አይደለም፤ ሙሉ በሙሉ ተስፋ እንዳይቆርጡ አንዳንድ ቀን ስለሚመረጡ ነው። መድኃኒቱ ሦስቱ ዶኮች በአንድ መዝገብ እንዲቀጥሩ ማድረግ እንደ ሆነ ሒሳቡ ራሱ ይናገራል። ሒሳቡ ቀላል ቢሆንም ሥራ ላይ ለመዋል ከሃምሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ወደ አድማው እንመለስ። ቤን ቲሌት በ1860 በብሪስቶል ከተማ ተወልዶ፥ በጡብ ሥራ፥ በሰርከስና በባሕር ኃይል ካለፈ በኋላ በሎንዶን የሻይ መጋዘን ሠራተኛ የሆነ ሰው ነው። ሲናገር ይንተባተብ ነበር። በ1887 አንድ ትንሽ የሻይ መጋዘን ሠራተኞች ማኅበር አቋቋመ፤ በ1888 በቲልበሪ ያስነሣው አድማ ግን ከሸፈ። የቀን ሠራተኛ በማኅበር ሊተዳደር አይችልም የሚለው አስተያየት በዚያ ዘመን በባለሥልጣኑም በባለሙያ ሠራተኛውም ዘንድ የጸና ነበር። ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚቀጠር ሰው በየሳምንቱ መዋጮ ከየት ያመጣል? አንዱ ቢያቆም ሺህ ሰው በበሩ ላይ ይጠብቃል። ነገር ግን በ1888 የብራያንትና ሜይ የክብሪት ፋብሪካ ሴቶች ሥራ አቁመው አሸነፉ፤ በ1889 መጀመሪያም በዊል ቶርን የሚመሩት የጋዝ ሠራተኞች ማኅበር አቁመው የሥራ ቀናቸውን ወደ ስምንት ሰዓት አወረዱ። የጋዝ ሠራተኞቹና የዶክ ሠራተኞቹ በአንድ ሰፈር የሚኖሩ ስለ ነበሩ ወሬው ሩቅ መሄድ አላስፈለገውም።

በኦገስት 1889 «ሌዲ አርምስትሮንግ» የምትባል መርከብ በምዕራብ ሕንድ ዶክ ስታራግፍ ጠብ ተነሣ። ሥራው ከተቈረጠለት ጊዜ በፊት ቢያልቅ ለሠራተኛው የሚሰጥ ምርቃት ነበረ፤ የምርቃቱ መጠን ግን ለማንም ግልጽ አልነበረም። በዚህ ምክንያት ሠራተኞቹ ኦገስት 14 ቀን ሥራ አቆሙ፤ ወደ ቲሌትም ሄደው ምራን አሉት። ቲሌት ቶም ማንንና ጆን በርንስን ጠራ፤ ሁለቱም የመካኒክ ሙያ ያላቸው ናቸው። የካርል ማርክስ ታናሽ ልጅ ኤሊኖርም በአድማው ጽሕፈት ቤት ደብዳቤውንና ሒሳቡን ስትጽፍ ሰነበተች። ጽሕፈት ቤቱ በፖፕላር ሰፈር የነበረ አንድ መጠጥ ቤት ነው። በመርከብ ሆድ ውስጥ ጭነት የሚደረድሩት ባለሙያዎች ከአድማው ጋራ በወገኑ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ፤ ምክንያቱም የዶክ ኩባንያዎቹ ከመንገድ ሰው ሰብስበው ማስወረድ ቢችሉም ጭነት የሚደረድር ግን በቀላሉ አያገኙም። ከጥቂት ቀናት በኋላ በወንዙ ዳር ሥራ ያቆመው ሰው እስከ መቶ ሺህ እንደሚደርስ ተገመተ።

በየቀኑ ሠራተኞቹ ከምሥራቅ ሰፈር ተሰልፈው ባንኮችና የንግድ ቤቶች ወዳሉበት ወደ መካከለኛው ከተማ ይሄዱ ነበር። በረዥም እንጨት ላይ የዓሣ ራስና የበሰበሰ ሽንኩርት ሰክተው ይይዛሉ፤ የዶክ ሠራተኛ ምሳ ይህ ነው ለማለት ነው። ከፊት በርንስ በነጭ የገለባ ባርኔጣ ይሄዳል። (ስለዚህ ባርኔጣ የተጻፈውን ያህል ስለ አራቱ ሰዓት አለመጻፉ ሳያስደንቀን አልቀረም።) ሰልፉ ሥርዓት ያለው፥ መስኮት የማይሰብር ስለ ነበረ፥ ከሁለት ዓመት በፊት በትራፋልጋር አደባባይ የሆነውን ግጭት ያስታወሱ የከተማው ነጋዴዎች ፍርሃታቸው ወደ ርኅራኄ ተለወጠ።

ርኅራኄ ግን ሆድ አይሞላም። በኦገስት መጨረሻ ገንዘቡ እያለቀ ሄደ፤ የመመገቢያ ቲኬት የሚጠብቀው ሰው ግን በየቀኑ ይበዛ ነበር። መሪዎቹ ተጨንቀው የሎንዶን ሠራተኛ ሁሉ ሥራ ያቁም የሚል ጥሪ አወጡ፤ ወዲያውም ስሕተት መሆኑን አይተው መልሰው አነሡት። በዚህ ሰዓት ያልታሰበ እርዳታ መጣ። በአውስትራሊያ የብሪዝበን ወደብ ሠራተኞች የላኩት ገንዘብ ደረሰ፤ ከእነርሱ በኋላም የሌሎች ከተሞች ማኅበሮችና ሕዝብ ተከታትለው ላኩ፤ በጠቅላላው ከአውስትራሊያ ከ30 ሺህ ፓውንድ በላይ ተገኘ። በቴሌግራፍ ሽቦ ከዓለም ጫፍ የመጣው ይህ ገንዘብ የአድማውን መንገድ ለወጠው፤ መሪዎቹ ስለ ዳቦ ማሰብን ትተው በየዶኩ በር ላይ አድማ ሰባሪ እንዳይገባ ጠባቂ ለማቆም ቻሉ። በሌላ በኩል ቀጣሪዎቹ አንድ ልብ አልነበሩም። የዶክ ኩባንያዎቹ እርስ በርስ በመወዳደር ብዙ ገንዳ ስላስቆፈሩ ኪሳራ ላይ ነበሩ፤ ባለመርከቦቹ መርከባቸው ታስሮ መቆሙ አንገበገባቸው፤ የወንዝ ዳር ባለመጋዘኖችም ለብቻቸው ለመታረቅ ጀመሩ። አድማው ያሸነፈው በሠራተኞቹ ጽናት ብቻ ነው የሚሉ ጸሐፊዎች ይህን የቀጣሪዎች መከፋፈል በቂ አድርገው አይመዝኑትም።

እርቁን ካደረጉት ሽማግሌዎች ዋነኛው የካቶሊክ ካርዲናል ማኒንግ ናቸው። ዕድሜያቸው 81 ነበር። አባታቸው የምዕራብ ሕንድ ነጋዴና የእንግሊዝ ባንክ ገዥ የነበሩ ስለ ሆነ የዶክ ዲሬክተሮቹን ቋንቋ ያውቁታል፤ ከሠራተኞቹም ብዙዎቹ የአየርላንድ ካቶሊኮች በመሆናቸው በእነርሱ ዘንድ ይሰማሉ። ሴፕቴምበር 14 ቀን ስምምነቱ ተፈረመ፤ ሥራው ሴፕቴምበር 16 ቀን ተጀመረ። ስድስቱ ፔኒ ከኖቬምበር 4 ቀን ጀምሮ እንዲከፈል፥ ለማታ ሥራ ደግሞ ስምንት ፔኒ እንዲሆን ተቈረጠ። የአራቱም ሰዓት ጥያቄ ተፈቀደ፤ የተቀጠረ ሰው ከሁለት ሺሊንግ ያነሰ ተከፍሎት አይሰናበትም ተባለ። ነገር ግን ከቀትር በኋላ ለሚደረግ ልዩ አጭር ሥራ ይህ አይሠራም የሚል አንቀጽ ተጨመረበት። አንባቢ ይህን አንቀጽ ልብ ይበልልን፤ በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም ማለት ነውና።

ስለዚህ በ1889 የተገኘውና ያልተገኘው መለየት አለበት። የተገኘው፥ የተመረጠ ሰው ምን ያህል እንደሚከፈለው ማወቁ ነው። ያልተገኘው፥ መመረጡን ማወቅ ነው። በሰዓት ስድስት ፔኒ የሚለው ቃል ሰዓቱ ስንት እንደ ሆነ ካልታወቀ ግማሽ ቃል ነው። ቲሌትም ይህን አላጣውም፤ ማኅበሩ በሙሉ ኃይሉ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ቅጥሩን በራሱ እጅ ለማስገባት ያስብ ነበር። ዳሩ ግን ቀጣሪዎቹ ነቁ፤ ባለመርከቦቹ በ1890 የራሳቸውን ፌዴሬሽን መሥርተው ማኅበር የሌለበት ሠራተኛ ማቅረብ ጀመሩ፤ የንግዱም መቀዝቀዝ ተጨመረና ማኅበሩ ደከመ። በ1891 የዶኮቹ የጋራ ኮሚቴ ሠራተኞቹን በመዝገብ ከፈላቸው፤ በ«ኤ» መዝገብ ያሉት በሳምንት ደመወዝ የተቀጠሩ ቋሚዎች፥ በ«ቢ» ያሉት በተራ ቁጥር የሚጠሩ፥ የቀሩት እንደ ቀድሞው በበሩ ላይ የሚቆሙ ሆኑ። ሐሳቡ ከቤቨሪጅ መድኃኒት የራቀ አልነበረም፤ ነገር ግን መዝገቡን የያዘው ቀጣሪው ብቻ ስለ ነበረ ሠራተኛው መከፋፈያ አድርጎ አየው።

እዚህ ላይ ለመመርመር የሚያስቸግር ነገር እናገኛለን። ሠራተኞቹ ራሳቸው ቋሚ ሥራን አንዳንድ ጊዜ ተቃውመዋል። በሊቨርፑል በ1912 የምዝገባ ሥርዓት በመጣ ጊዜ ማኅበሩ ከቀጣሪዎቹና ከመንግሥት ጋራ ተስማምቶ ሳለ፥ በወንዙ ማዶ በበርከንሄድ ያሉት ሠራተኞች አንመዘገብም ብለው ሥራ አቆሙ። በብዙ መጻሕፍት ይህ እንደ ድንቍርና ተቆጥሯል። እኛ በዚህ አንስማማም። ዋስትና አግኝቶ የማያውቅ ሰው በእጁ ያለችው አንዲት ነገር፥ ዛሬ አልሠራም ለማለት መቻሉ ናት፤ እርሷን አስረክቦ በምትኩ ቍጥርና ተቈጣጣሪ ሲሰጠው፥ ዋስትናው ይመጣል ብሎ ማመን ይቸግረዋል። ደግሞም የካቦው ዓይን ያረፈበት ብርቱ ጐረምሳ በቀን ሥራ ተጠቃሚ ነበረ። የቀን ሥራ አንዱ ክፋቱ የሚጎዱትን ከሚጠቀሙት ጋራ በአንድ በር ላይ ማቆሙ ነው።

ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በ1920 የወደብ ሠራተኞች ደመወዝ በአጣሪ ችሎት ፊት ቀረበ። የሠራተኛው ጠበቃ ሆኖ የቆመው ትምህርት ቤት ብዙ ያልቆየው ኧርነስት ቤቪን ነበር። የቀጣሪዎቹ ወገን ፕሮፌሰር ቦውሊ የተባሉትን የሒሳብ ሊቅ አምጥቶ አንድ ቤተ ሰብ በስንት ገንዘብ ሊኖር እንደሚችል አስቆጠረ። ቤቪን ገበያ ወጥቶ በዚያ ሒሳብ የሚገዛውን ምግብ ገዛ፤ ለአንድ ሰው የሚደርሰውን በሳሕን አድርጎ ችሎቱ ፊት አስቀመጠና ጭነት ለሚሸከም ሰው ይህ ይበቃልን ሲል ጠየቀ። የዓሣውን ራስ በእንጨት ሰክተው የተሰለፉት ሰዎች ክርክር ከሠላሳ አንድ ዓመት በኋላ ወደ ችሎት ገባ ማለት ነው። ችሎቱ በቀን 16 ሺሊንግ ፈረደ። ቤቪን ከዚህ ሌላ ሥራ በታጣ ቀን መጠበቂያ ገንዘብ ይሰጥ ብሎ ነበር፤ ችሎቱም ሐሳቡን ደገፈው፤ ነገር ግን አልተፈጸመም። ደግሞ እንደ ገና ደመወዙ ተገኘ፤ ዋስትናው ቀረ።

ዋስትናውን ያመጣው ጦርነት ነው። በ1940 ቤቪን የሥራ ሚኒስትር ሆነ፤ መርከብ በቶሎ ካልተራገፈ አገሪቱ ስለምትራብ የወደብ ሠራተኛ ሁሉ እንዲመዘገብ አዘዘ። በ1941 የተመዘገበው ሠራተኛ በተጠራበት ሥራ ሊሄድ ግዴታ ገባ፤ በምትኩም ሥራ ባይኖር ለመገኘቱ ይከፈለው ጀመር። ቶም ማን በዚያው ዓመት በመጋቢት ወር ሞተ፤ በርንስና ቲሌት በጃንዋሪ 1943 በአንድ ሳምንት ውስጥ ተከታትለው ሞቱ። ሁለቱ በዚያ በር ላይ የሚጮኸው ሕዝብ በሕግ ሲቀር ለማየት በቅተዋል። ከጦርነቱ በኋላ በ1947 ሕጉ ቋሚ ሆኖ ብሔራዊ የወደብ ሥራ ቦርድ ተቋቋመ፤ ከቦርዱ አባላት የቀጣሪዎችና የሠራተኞች ወገን ቍጥር እኩል ነበር። ያለ ቦርዱ ፈቃድ የተመዘገበን ሠራተኛ ማባረር አይቻልም ነበር። በመዝገቡ ላይ ወደ 80 ሺህ የሚሆኑ ሰዎች ነበሩ።

ሆኖም ሰውዬው በቀን ሁለት ጊዜ እየቀረበ መጽሐፉን ማስመታት ነበረበት፤ ካቦውም አሁንም ከሰልፉ ፊት ቆሞ ይመርጥ ነበር። የሚጮኸው ቀረ እንጂ መቆሙ አልቀረም። ሠራተኛ በአንድ ቀጣሪ ዘንድ ቋሚ የሆነው የዴቭሊን አጣሪ ኮሚቴ በ1965 ካቀረበው ሪፖርት በኋላ በሴፕቴምበር 1967 ነው፤ ከአድማው እስከዚህ 78 ዓመት አለፈ። በእነዚያው ዓመታት ኮንቴነር የሚባለው የብረት ሣጥን መጣ። ቀድሞ ብዙ ሰዎች ለቀናት በጀርባቸው የሚያወርዱትን ጭነት ጥቂት ሰዎች በክሬን በሰዓታት ያወርዱት ጀመር። የቅድስት ካትሪን ዶክ በ1968፥ የምዕራብ ሕንድ ዶክ በ1980 ተዘጉ፤ ዛሬ በሁለተኛው ቦታ ላይ የባንክ ሕንፃዎች ቆመዋል። ቋሚ ሥራው የደረሰው ሥራው ራሱ ሊያልቅ ሲል ነበር። በ1989 በመዝገቡ ላይ የቀሩት ከ10 ሺህ ያነሱ ነበሩ።

በኤፕሪል 1989 መንግሥት የ1947ቱን ሥርዓት እሽረዋለሁ ብሎ አስታወቀ፤ ሕጉ በጁላይ ጸደቀ። ቀጣሪዎቹ የሠራተኛን ቁጥር እንደ ገበያው ከፍ ዝቅ ለማድረግ አለመቻላቸውን፥ ሥርዓቱ የማይደርስባቸው ወደቦችም ንግዱን እየወሰዱባቸው መሆኑን ይናገሩ ነበር፤ ይህ ክርክር ባዶ አልነበረም። ለሚሰናበት ሰው እስከ 35 ሺህ ፓውንድ ካሣ ተመደበ፤ ብዙዎችም ወሰዱ። ማኅበሩ የጠራው አድማ ኦገስት 1 ቀን ቆመ፤ መቶኛው ዓመት ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው።

ማኅበሩ ጠንክሮ በቆየበት በሊቨርፑል ነገሩ እስከ 1995 ዘገየ። በዚያ ዓመት በሴፕቴምበር አንድ ኩባንያ ስለ ትርፍ ሰዓት ሥራ በተነሣ ክርክር ወጣት ሠራተኞቹን አባረረ፤ ወጣቶቹ በበሩ ላይ በቆሙ ጊዜ አባቶቻቸውና አጎቶቻቸው የሆኑት ነባር ሠራተኞች ያን መስመር አልፈን አንገባም አሉ። ወደ 500 የሚሆኑ ሰዎች ሥራቸውን አጡ፤ በጃንዋሪ 1998 ሥራቸው ሳይመለስላቸው ክርክሩ አበቃ። ከእነዚህ ነባሮች መካከል ጥቂቶቹ በ1967 ጐረምሶች ሳሉ ቋሚ ሠራተኛ ናችሁ የተባሉት ናቸው።